ለክህነት ተጠርቼ ይሆን? ዲቁናና ቅስናን ለሚያስብ ወንድም

ባለፈው ክረምት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አንድ ወጣት ደጀ ሰላሙ አጠገብ ጠበቀኝ። ዕድሜው 24 ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ይሠራል። መስቀል ተሳልሞ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ፣ «አባ፣ እግዚአብሔር ለክህነት እየጠራኝ ይመስለኛል። ግን በምን አውቃለሁ?» አለኝ።

የዚያን ዕለት «እንጸልይበት» ብዬ ሸኘሁት። ቤቴ ስገባ ግን መልሴ አላረካኝም። ይኼን ጥያቄ ይዘው የሚጠይቁት ሰው የሚያጡ ልጆች ብዙ ናቸው። አንዱ ዝም ብሎ ይተወዋል። ሌላው ሳይመረምር ይገባና በኋላ ራሱም ይጎዳል፣ ምእመኑም ይጎዳል። እኔ በ11 ዓመቴ ዲቁና ስቀበል «ትፈልጋለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የተቀበልኩት ምን እንደሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። እግዚአብሔር በቸርነቱ አቆየኝ። ለዚያ ልጅ ቁጭ ብዬ ልነግረው የሚገባኝን እዚህ እጽፈዋለሁ። የምጽፈው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፤ የማውቀውና የምኖርበት እሱ ነውና።

የትኛው አገልግሎት ነው የጠራህ?

ሦስት ዋና ዋና መዓርጋት አሉ፤ ዲቁና፣ ቅስና፣ ጵጵስና። ዲያቆን ሕዝቡን ለጸሎት ያነሣል፣ መልእክታትን ያነባል፣ በቤተ ልሔም ኅብስቱን ያሰናዳል፣ በቁርባን ጊዜ ደሙን በዕርፈ መስቀል (በመስቀል ምልክት ባለው ማንኪያ) ያቀብላል። አይባርክም፣ አያጠምቅም፣ አይናዝዝም። ቄስ ይቀድሳል፣ ያጠምቃል፣ ንስሐ ይቀበላል፣ ያጋባል፣ ሙት ይፈታል። ጳጳስ ከመነኮሳት መካከል ይመረጣል፤ ክህነትን የሚሰጠውም እሱ ነው። ቄስ የሚሆን ሰው መጀመሪያ ዲያቆን መሆን አለበት። ስለዚህ ለቅስና ብታስብም የመጀመሪያው በር ዲቁና ነው።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቅ። ልብህ የሞቀው ለየትኛው ሥራ ነው? ማስተማር ከሆነ፣ ሰባኬ ወንጌል ለመሆን ክህነት ግድ አይደለም። ዜማ ከሆነ፣ ስንት መሪጌቶች አሉ ዕድሜያቸውን በማኅሌት ያሳለፉ። ሕፃናት ከሆኑ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ይፈልጋል። ድሆች ከሆኑ፣ በር አይዘጋብህም። እኅቶቻችንም ቢሆኑ በዚህ ሁሉ ውስጥ አሉ፤ ብዙ አጥቢያ ያለ እነሱ አይቆምም። ክህነት የመቅደስ አገልግሎት ነው። የሚስብህ መቅደሱና በመቅደሱ በኩል የሚመጣው ሕዝብ ካልሆነ፣ የተጠራኸው ወደ ሌላ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ሊሆን ይችላል። ያም ጥሪ ነው።

ፍላጎትህን በትነህ እየው

ቅዱስ ጳውሎስ «ማንም ኤጲስ ቆጶስነትን ቢፈልግ መልካምን ሥራ ይመኛል» ይላል፤ 1ኛ ጢሞ. 3፥1። ስለዚህ በመመኘትህ አትፈር። ዕብራውያን 5፥4 ደግሞ «እንደ አሮንም በእግዚአብሔር ከተጠራ በቀር ማንም ክብሩን ለራሱ የሚወስድ የለም» ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ ያዛቸው። መመኘት ትችላለህ። መውሰድ አትችልም። ይሰጥሃል።

አሁን ወረቀት አውጣና «ለምን ካህን መሆን እፈልጋለሁ?» ብለህ ጻፍ። ማንም አያየውም፤ እውነቱን ጻፍ። በንስሐ አባትነቴ ደጋግሜ የሰማኋቸውን ምክንያቶች ልንገርህ።

«እናቴ ተስላ ነው የወለደችኝ።» ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ሐናም ሳሙኤልን ተስላ ነው የወለደችው፤ ወስዳም ለዔሊ ሰጠችው። ግን ልብ በል፤ እግዚአብሔር ሳሙኤልን በራሱ ስም ጠራው። ልጁም «ባሪያህ ይሰማልና ተናገር» ብሎ በራሱ አፍ መለሰ። የእናትህ ስለት ደጁ ድረስ ያደርስሃል። መልሱን የምትሰጠው አንተ ነህ።

«ድምፄ ያምራል።» ጥሩ ስጦታ ነው። ብቻውን ግን አይበቃም። ድምፅ በዕድሜ ይደክማል፤ ክህነት ግን ይቀጥላል።

«ሥራ አጣሁ።» ይኼን ሳልፈርድ ነው የምናገረው። ችግር ወደ እግዚአብሔር ደጅ ያመጣው ሰው አለ፤ ከልቡም ያገለገለ አለ። ነገር ግን ሌላ ጥሩ ሥራ ነገ ቢመጣ ትተኸው የምትሄድ ከሆነ፣ የያዝኸው ሥራ ፍለጋ ነው። በዚያው ስሙ ጥራው።

«ኃጢአቴ ከበደኝ፤ ካህን ብሆን እድን ነበር።» ወንድሜ፣ ለዚህ መድኃኒቱ ንስሐና ቅዱስ ቁርባን ነው። ክህነት ሸክምህን አያቀልልህም፤ የሌሎችንም ይጨምርብሃል።

«ሰው ያከብረኛል።» ይኼን ማንም በግልጽ አይለውም። ግን ጥምጥሙ፣ መስቀል መሳለሙ፣ «አባ» መባሉ ልብን ይስባል። በጸሎት ጊዜ ራስህን ስታስበው የምታየው ምንድን ነው? አውደ ምሕረት ላይ ቆመህ ሕዝብ ሲያይህ? ወይስ ሌሊት በ9 ሰዓት ብርድ ላይ ሰዓታት ለሚባለው የሌሊት ጸሎት ስትነሣ? የመጀመሪያው ብቻ ከሆነ የሚታይህ፣ ገና ነህ ማለት ነው። ገና መሆን ደግሞ ነውር የለውም።

መልካሙ ምልክት ብዙ ጊዜ ጸጥ ያለ ነው። ስብከት ሰምተህ በነደድህበት ማታ የተሰማህን ሳይሆን፣ ከዓመት በኋላም ያልለቀቀህን እይ። ስትሸሸው የሚከተልህን እይ። ሰዎች ሳትጠይቃቸው ችግራቸውን ይዘው ወደ አንተ ይመጣሉ? ምስጢር ትጠብቃለህ? የታመመ መጠየቅ ይከብድሃል ወይስ ይቀልሃል? ከሰው ጋር ስትጣላ ቀድመህ ይቅርታ ትላለህ? ካህን ሕይወቱን የሚያሳልፈው ከሰው ጋር ነው። ሰው የሚያስመርረው ሰው ካህን ሆኖ ሲገባ ምእመኑ ነው የሚሰቃየው።

ደግሞም ጥሪው ከሌላ ሰው አፍ ይመጣል። ከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማን፣ ፍሬምናጦስን፣ አስብ። ፍሬምናጦስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአክሱም ወደ እስክንድርያ የሄደው ለራሱ ሹመት ሊጠይቅ አልነበረም። ለኢትዮጵያ ጳጳስ እንዲላክላት ሊለምን ነው የሄደው። የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቅዱስ አትናቴዎስ ግን እሱኑ ሾሞ መለሰው። ለሌላ ሲለምን ራሱ ተላከ። ዮሐንስ አፈወርቅም ቢሆን መጀመሪያ ከክህነት ሸሽቶ ነበር። የሸሸ ሁሉ የተጠራ ነው ማለቴ አይደለም። ግን ከክህነት ፊት ትንሽ የሚፈራ ልብ፣ ከሚሮጥ ልብ ይሻለኛል።

ለንስሐ አባትህ ንገር

ይኼን ከማንም በፊት ለጓደኛህ ወይም ለማኅበራዊ ሚዲያ አትንገር። ለንስሐ አባትህ ንገር። ከሌለህ ያዝ። ይዘህም ቢያንስ ለጥቂት ወራት እንደማንኛውም ልጅ ተናዘዝ፤ ይወቅህ።

ስትነግረው ሳታሳምር ንገረው። ምን እንደሚሰማህ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን እንደሚያስፈራህ። ያለፈ ሕይወትህንም ንገረው። እዚህ ላይ ከባዱን ነገር መደበቅ አልፈልግም። በቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን በድንግልና ይጠበቃል። ዲያቆን ከጋብቻ በፊት ከወደቀ ዲቁናው ይፈርሳል። ንስሐ ይገባል፣ ይቅር ይባላል፣ ይቆርባል፤ ወደ መቅደስ አገልግሎት ግን አይመለስም። ስለዚህ ያለፈውን ደብቆ የሚቀበል ሰው ዕድሜ ልኩን በፍርሃት ነው የሚያገለግለው። እንዲህ ያለ ሰው አይቻለሁ። ፊቱ ሲቀድስ አያርፍም። አባትህ ፊት እውነቱን ተናግረህ «አይሆንም» ብትባል ታለቅስ ይሆናል፤ ግን በነጻነት ታለቅሳለህ።

አግብተህም ከሆነ እንዴት እንዳገባህ፣ በቁርባን ይሁን በሌላ፣ ሁሉን በግልጽ ተናገር። እንደየሁኔታህ የሚመራህ እሱ ነው።

«ቆይ» ቢልህ ቆይ። «በማንም ላይ ፈጥነህ እጆችህን አትጫን» የተባለው ለጳጳስ ነው፤ 1ኛ ጢሞ. 5፥22። ሿሚው አትቸኩል ከተባለ፣ ተሿሚው ለምን ይቸኩላል?

በነገራችን ላይ ድሮ ሕፃናት ለዲቁና የሚቸኩሉበት ምክንያት ነበረው። አገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ የምታገኘው ከግብፅ ነበር፤ ብዙውን ጊዜም አንድ ብቻ። እሱ ካረፈ ሌላ እስኪመጣ ዓመታት ያልፋሉ። ስለዚህ ጳጳሱ ባለበት ሁሉ ሕዝብ ልጁን ይዞ ይጎርፍ ነበር። በ1520ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ፣ በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ ሰው፣ ሕፃናትም ጭምር፣ ሲሾም አይቶ ተገርሟል። ዛሬ ይኼ ችግር የለም። አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ፣ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ፓትርያርክ ሆኑ። አሁን በየሀገረ ስብከቱ ሊቃነ ጳጳሳት አሉ። ጳጳሱ አያመልጥህም። ጊዜ ወስደህ ተዘጋጅ።

አንድ ዓመት ማንም ሳያይህ አገልግል

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትወስድ ይኼን ውሰድ። ጥሪህን የምትፈትነው ማንም በማያይህ ቦታ ነው። 1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥10 ስለ ዲያቆናት አስቀድመው ይፈተኑ ይላል። ፈተናው የዜማ ብቻ አይመስለኝም።

ለዚያ ልጅ በኋላ የሰጠሁት ሥራ ይኼ ነው። ቅዳሜ ማታ ና። ቅጥሩን ጥረግ። ምንጣፉን አራግፍ። ውኃ ቅዳ። በዝናብ ቀን የምእመናንን ጫማ ሰብስበህ ከጣሪያ ሥር አድርግ። ሰዓታት ሲቆም ከኋላ ቁም፣ ስማ። ከሁለት ሳምንት አንዴ ከአጥቢያው አንድ የታመመ ሰው ሄደህ ጠይቅ። ቀብር ሲኖር እስከ መጨረሻው ቁም። ስለዚህ ሁሉ ለማንም አታውራ፣ ፎቶ አትነሣ።

ወደ ቤተ ልሔምና ወደ መቅደስ ግን አትግባ። ያ የተሾሙት ቦታ ነው። ከውጭ ሆነህ ሥርዓቱን ማክበር ራሱ ትምህርት ነው።

በየሳምንቱ መጨረሻ ሦስት መስመር ጻፍ። ምን ሠራሁ? የት ላይ ሰለቸኝ? የት ላይ ደስ አለኝ? ከስድስት ወር በኋላ ደብተርህን ይዘህ ንስሐ አባትህ ጋ ሂድ። አብራችሁ አንብቡት። ሰለቸኝ የሚለው መብዛቱ አያስፈራህ። ሁላችንም ይሰለቸናል። መፈራት ያለበት ሌላ ነገር ነው፤ ማንም ሳያመሰግንህ ሲቀር ከተቀየምህ፣ እሱን አስምርበት። ገና በዲቁና ሳለህ ካልተፈወሰ፣ በቅስና ጊዜ አጥቢያ ይበጠብጣል።

ትምህርቱን ጀምር

አገልግሎቱን ከትምህርቱ ጋር አስኪደው። አንዱ ሌላውን ይጠብቃልና።

ድሮ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ነበር የሚማረው። ዛሬም በየገዳሙና በየአድባራቱ እንዲህ የሚማሩ የቆሎ ተማሪዎች አሉ። አንተ ከተማ ውስጥ በሥራ ላይ ያለህ ሰው ከሆንህ መንገድህ ይለያል። የምትማረው ግን ያው ነው።

መጀመሪያ ንባብ ነው። ፊደሉን ከነአቡጊዳው፣ ከዚያ የዮሐንስን መልእክትና ወንጌል በግዕዝ ንባብ፣ ከዚያ ዳዊት። ንባብ ማለት ፊደል መቁጠር ብቻ አይደለም። የቃሉ አነባበብ ተነሽ ነው፣ ወዳቂ ነው፣ ሰያፍ ነው፣ ተጣይ ነው? ይኼን የኔታ ብቻ ነው የሚያርምህ። አማርኛ የምታነብ ሰው ግዕዝ ይቀልልኛል ብለህ አትዘናጋ። ጆሮህ በአማርኛ የተቃኘ ስለሆነ ስሕተትህ አይሰማህም።

ዳዊት 150 መዝሙር ነው፤ በሳምንቱ ቀናት የተከፋፈለ። ሥራ ያለው ሰው የዕለቱን ክፍል ጠዋት ከመውጣቱ በፊት ቢያነብ፣ በዓመት ውስጥ አፉ ይፈታል። ውዳሴ ማርያምም ለሰባቱ ቀናት የተከፈለ ነው። ለአንዱ ቀን ክፍል ሁለት ሳምንት ብትሰጥ፣ በ14 ሳምንት ታዘልቀዋለህ። በቃልህ ያዘው። ብዙዎች በዚህ ቦታ በስልክ የተቀዳ ዜማ እየሰሙ ይማራሉ። ይጠቅማል፤ እኔም አልከለክልም። ታክሲ ውስጥ ስማው። ነገር ግን ስልክ ይነግርሃል እንጂ አይሰማህም። በሳምንት ሁለት ቀን የኔታ ፊት ተቀምጠህ ማሰማት አለብህ።

ከዚያ ቅዳሴ ነው። ለዲቁና የሚያስፈልግህ በተለይ ግብረ ዲቁና፣ ማለትም በቅዳሴ ውስጥ የዲያቆኑ ድርሻ ነው። ግዕዝና ዕዝል በሚባሉት በሁለቱም የዜማ ዓይነቶች ትማረዋለህ። በመጽሐፈ ቅዳሴያችን 14 ቅዳሴያት አሉ፤ አንተ ከቅዳሴ ሐዋርያት ትጀምራለህ።

እዚህ ላይ ልለምንህ። ትርጉሙን ሳታውቅ አትሸምድድ። እኔ በልጅነቴ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» እያልሁ ስጮህ፣ የተቀመጡትን ተነሡ እያልሁ መሆኔን አላውቅም ነበር። «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ስል ራሴ ወደ ምሥራቅ አልመለከትም ነበር። ትርጉሙን ያወቅሁ ቀን ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ዲያቆን ሕዝቡን ወደ እግዚአብሔር የሚያዞር ሰው ነው። «ተንሥኡ ለጸሎት» ብሎ ሌላውን የሚያስነሣ፣ እሱ ራሱ በልቡ ተቀምጦ ከሆነ ምን ይባላል? ስለዚህ እያንዳንዱን ቃል የኔታን ጠይቅ። በደብተርህ ከግዕዙ ጎን አማርኛውን ጻፍ።

ካቃተህ ቅዱስ ያሬድን አስታውስ። ትምህርት አልገባ ብሎት፣ ተገርፎ፣ ሸሽቶ ዛፍ ሥር የተቀመጠው እሱ ነው። ትሉ ዛፉ ላይ ለመውጣት እየወደቀ ሰባት ጊዜ ሲሞክር አይቶ ወደ መምህሩ ወደ ጌዴዎን ተመለሰ። ይኼን ታሪክ ሁላችንም በልጅነታችን ሰምተነዋል። በ24 ዓመትህ፣ ከሥራ ደክመህ ገብተህ ዜማው ሲጠፋብህ ስትሰማው ግን ሌላ ታሪክ ይሆንብሃል።

ከዚህ በላይ መሄድ የሚፈልግ ሰፊ ባሕር አለለት። ከዜማ ትምህርቶች ለድጓ በጋይንት ያለው ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር፣ ለቅኔ ዋሸራ፣ ዋድላና ጎንጅ የታወቁ ናቸው። ከመጻሕፍት ትርጓሜ ቤት ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንት፣ መጻሕፍተ መነኮሳት አሉ። ዘመናዊውን የነገረ መለኮት ትምህርት የሚሻ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴና ቅዱስ ጳውሎስ፣ በመቐለ ደግሞ ቅዱስ ፍሬምናጦስ አሉ። በእኔ አስተያየት፣ ዛሬ ቄስ የሚሆን ሰው ቢችል ሁለቱንም ይዞ ቢመጣ መልካም ነው። ወጣቶች የሚጠይቁት ጥያቄ ከባድ ሆኗል፤ «እንዲህ ነው፣ ተቀበል» ብቻ ብሎ መመለስ አይቻልም። ዲግሪ ግን ክህነት አይሰጥም። ክህነት በጳጳስ እጅ ነው።

ትዳርህን ከቅስና በፊት አስብ

ይኼን ብዙ ወጣቶች ዘግይተው ነው የሚያስቡት። በሥርዓታችን ዲያቆን ያገባና ቄስ ይሆናል። ቄስ ከሆነ በኋላ አያገባም። ሚስቱ ብትሞት ሌላ አያገባም፤ ብዙዎች ይመነኩሳሉ። ሚስቱን ፈትቶ ሌላ ቢያገባ ክህነቱ ይፈርሳል። ስለዚህ ከቅስና በፊት መንገድህ ሁለት ነው፤ በተክሊል ጋብቻ ወይም ምንኩስና።

ምንኩስና ከሳበህ፣ «ሴት አላገኘሁም» ብለህ አትግባበት። ገዳም ሄደህ ሰንብት። በጾም ሳምንታት ከአባቶች ጋር ኑር። አበ ምኔቱን አማክር። እሱም የራሱ ረጅም ፈተና አለው።

ጋብቻ ከሆነ ደግሞ፣ የምታገባት ልጅ ምን እየገባች እንደሆነ ትወቅ። እሷም ድንግል፣ እሷም ቆራቢ መሆን ይጠበቅባታል። ያ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። የቄስ ሚስት ሌሊት ብቻዋን ታድራለች። በዓል በመጣ ቁጥር ባሏ ቤተ ክርስቲያን ነው። ልጆቿ ጥምቀትን ከአባታቸው ጋር አያከብሩም፤ አባታቸው ታቦት ይዞ ነው። ቤቷን ሰው ያንኳኳል፤ የሚያለቅስ፣ የተጣላ፣ የታመመ። ሰው ሁሉ አለባበሷን ያያል። የባሏን ምስጢር አትጠይቅም፤ እሱም አይነግራትም።

ስለዚህ ገና ስትተጫጩ ይኼን ሁሉ ንገራት። «እሺ» ማለቷን ብቻ አትስማ፤ ዝምታዋንም አዳምጥ። ከቻላችሁ አንድ የቄስ ቤት ሄዳችሁ፣ እሷ ከቄሱ ባለቤት ጋር ለብቻዋ ታውራ። ከየትኛውም መጽሐፍ የበለጠ የምትማረው ከዚያች እናት ነው። እሷ ካልፈለገች አትጎትታት። አንተም ከቅስናው ሳትደርስ በዲቁና ማገልገል ትችላለህ።

ኑሮህንም አስላ

በገጠር ቄሱ ገበሬ ነው። አርሶ ይበላል፣ በዕረፍቱ ይቀድሳል። በከተማ ደመወዝ ያለው አጥቢያ አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን ቤተሰብ አያኖርም። በውጭ አገር ደግሞ በሳምንቱ ቀናት ታክሲ እየነዳ፣ ሆስፒታል እየሠራ፣ እሑድ የሚቀድስ ካህን ብዙ ነው። ስለዚህ ሙያህን አትጣል። ያ ሒሳብ ሠራተኛ ልጅ ሥራውን ለቆ ሊመጣ ነበር። ከለከልሁት። እንጀራው በራሱ እጅ ያለ ካህን እውነት ለመናገር ነጻ ነው።

በውጭ አገር ላለህ አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ የሚወለዱት ልጆች አማርኛው ይከብዳቸዋል፤ ግዕዙ ደግሞ ይብሳል። አንተ የሁለቱም ቋንቋ ሰው ከሆንህ ትልቅ ክፍተት ትሞላለህ። አንድ ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን ይሻል፤ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት። አምስቱን ማሟላት የሚቸገር አጥቢያ አለ። ይኼ ጉድለት ግን እንዳያቻኩልህ። «ሰው ስለጎደለን ተቀበል» ቢሉህ እንኳ ከላይ ያልነውን ሁሉ ሥራ።

ፈተናውና ወረቀቱ

ትምህርቱን ስትጨርስ መምህርህ ያስመሰክርልሃል። የንስሐ አባትህ ምስክርነት፣ የአጥቢያህ ሰበካ ጉባኤ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የክርስትና ማስረጃህ ይጠየቃሉ። ከአጥቢያ ወደ ወረዳ ቤተ ክህነት፣ ከዚያ ወደ ሀገረ ስብከት ይሄዳል። ዝርዝሩ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ በሀገረ ስብከትህ ጠይቅ። ፈተናው ላይ ንባብህን፣ ዜማህን፣ ግብረ ዲቁናህን ያዩሃል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛ፣ ማንም ሰው «ገንዘብ ስጠኝና አስጨርስልሃለሁ» ቢልህ ዞር በል። ሲሞን መሠርይ በሐዋርያት ሥራ 8 የጠየቀው ይኼንኑ ነው፤ ቅዱስ ጴጥሮስ የመለሰለትንም አንብብ። በገንዘብ የተገኘ ክህነት በረከት የለውም። ሁለተኛ፣ ከሀገረ ስብከትህ ተደብቀህ፣ በማታውቀው ሰው እጅ፣ በሩቅ ቦታ አትሾም። ማን እንደሾመህ፣ ማንስ እንደላከህ በግልጽ መናገር መቻል አለብህ።

የሹመቱ ቀን

ከዋዜማው ጀምረህ ጹም። ከመሾምህ በፊት ንስሐ ግባ። የበደልኸው ሰው ካለ ስልክ ደውለህ ይቅርታ ጠይቅ። ብዙ እንግዳ አትጥራ፤ ድግሱ ልብህን ይወስደዋል። ጳጳሱ እጁን ሲጭንብህ የምታስበውን ነገር አስቀድመህ አታዘጋጅ። ዝም ብለህ ቁም።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ከሁሉ በላይ የምለምንህ አገልግሎቱን ልማድ ብቻ እንዳታደርገው ነው። ቅዳሴ ሲደጋገም እጅ ብቻውን ይሠራል፣ ልብ ይተኛል። ከመግባትህ በፊት አምስት ደቂቃ ለብቻህ ጸልይ። ከቀድሞ መምህርህ አትራቅ። የራስህን ንስሐ አባት አትተው፤ ዲያቆንም ቄስም ይናዘዛል።

«አይሆንም» ብትባልስ?

ይኼ ይሆናል። በጤና፣ በትዳር፣ ባለፈ ሕይወት፣ ወይም አባቶች ባዩት ነገር። ያማል። አልቅስ። ከዚያ መልሰህ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠይቅ፤ ልቤ የሞቀው ለምን ነበር? ያ ዓመት ሙሉ ያደረግኸው አገልግሎት አልጠፋም። የጠየቅኸው በሽተኛ አሁንም ይጠብቅሃል። የተማርኸው ዳዊት በአፍህ አለ። አጥቢያህ ጥሩ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር፣ ጥሩ የሰበካ ጉባኤ አባል፣ ጥሩ ዘማሪ ይፈልጋል።

ያ ወጣት እስካሁን አልተሾመም። ስምንተኛ ወሩን ይዟል። ቅዳሜ ማታ ይመጣል፤ ይጠርጋል፤ ውኃ ይቀዳል። ባለፈው ሳምንት የረቡዕን ውዳሴ ማርያም ለየኔታ ሲያሰማ አጠገባቸው ነበርሁ። ሁለት ቦታ ላይ ተሳሳተ። የኔታ በጣታቸው መሬቱን መታ መታ አድርገው አስቆሙት። ልጁ ፈገግ አለ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ከመጀመሪያው ጀመረ።